ካፕሱሉን ከማሸጊያው የሚያወጣላቸው ማነው?

አባዬ ማይሎማ ለሚባል የአጥንት መቅኒ የደም ካንሰር የሌናሊዶማይድ ሕክምናውን ከጀመረ ወራት አልፈው ነበር። አዲስ ዑደት በመጣ ቁጥር ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ እንሄዳለን፤ ቅጽ ይቀርብልናል፤ አባዬ ይፈርማል፤ መድኃኒቱን ይዘን እንመለሳለን። ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ስለ እርግዝና፣ ስለ ኮንዶም፣ ደም ስለመለገስ ናቸው። ሽማግሌ አባቱ አጠገብ የቆመ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነበብ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይጠፋዋል። ጠያቂውም ያፍራል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ቶሎ ቶሎ ማለፍ ተለምዶ ነበር። «ያው እንዳለፈው ነው አይደል?» ይባላል፤ «አዎ» እንላለን።

የዚያን ቀን መስኮቱ ላይ የነበረችው ፋርማሲስት አዲስ ነበረች። «ያው እንዳለፈው» አላለችም። እያንዳንዱን ጥያቄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሳትቸኩል ጠየቀች። የኮንዶሙ ጥያቄ ላይ ስትደርስ አባዬ «ልጄ፣ እኔ እኮ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ» አላት። «አውቃለሁ አባባ፣ ማንንም ሳልለይ ነው የምጠይቀው፤ እንዳይቀየሙኝ» ብላ መልሱን ጠበቀች። አባዬ መለሰላት። ሁሉም ያለቀ ሲመስለን ቀና አለችና ቅጹ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀች። «ካፕሱሉን ከማሸጊያው የሚያወጣላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ። የአባዬን መድኃኒቶች በቀን በቀን ከፍላ ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጠው እሷ ናት። በእጇ፣ ያለ ጓንት።

«እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ? ወይም ልትሆኚ የምትችዪበት ዕድል አለ?»

እህቴ መልስ አልሰጠችም። እኔ ወደ እሷ ዞርኩ፤ አባዬም ዞረ። ፊቷን ሳይ ገባኝ። ከባለቤቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ ገና ጊዜው ነበር። ፋርማሲስቷ ይህን ሳትረዳ አልቀረችም፤ ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ጎን ባለው በር አስገብታት ለብቻዋ አነጋገረቻት። ሲወጡ እህቴ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የመድኃኒቱን ከረጢት ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም።

ካፕሱሎቹ አንዳቸውም ተሰብረው ወይም ዱቄታቸው ፈስሶ አያውቅም ነበር። ፋርማሲስቷ ለብቻቸው ሲሆኑ አስቀድማ የጠየቀቻት ይህንኑ ነው። አደጋው በዋናነት ያለው ዱቄቱ ቆዳን ሲነካ ወይም በትንፋሽ ሲገባ በመሆኑ፣ ሳይከፈት የተነካ ካፕሱል ያን ያህል አያስፈራም። ሆኖም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምትጠረጥር ሴት ካፕሱሉንም ማሸጊያውንም እንዳትነካ ነው የሚመከረው። እህቴ ለእርግዝና ክትትል ሐኪሟ ነገረች፤ ልጁም በሰላም ተወለደ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። ስንቱን ወር «አዎ፣ ገብቶናል» እያልን ፈርመናል፤ ደግሞም አልዋሸንም። ስለ እርግዝና ስንጠየቅ ስለ አባዬ የተጠየቅን መስሎን ነበር። ጥያቄው ወደ አንድ ሰው እጅ እስኪወርድ ድረስ ማናችንም ስለ እህቴ አላሰብንም።

ጥያቄው የመጣበት መንገድ

ሌናሊዶማይድ የታሊዶማይድ ዘመድ ነው። ይህን ስም የሚያውቅ ሰው የፋርማሲው ጥያቄ ለምን እንደሚበዛ አይጠፋውም።

ታሊዶማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ሲቀርብ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ነበር። ጉዳት የለውም ተብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ነበር፤ በእርግዝና መጀመሪያ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ያስታግሳል ተብሎ ነፍሰ ጡሮችም ወሰዱት። እጃቸውና እግራቸው ያጠረ ወይም ከነጭራሹ ያልበቀለ፣ ጆሯቸው፣ ዓይናቸው፣ ልባቸው የተጎዳ ሕፃናት መወለድ ጀመሩ። በ1961 ጀርመናዊው ሐኪም ቪዱኪንድ ሌንትስና አውስትራሊያዊው ዊልያም ማክብራይድ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ጣታቸውን በዚህ መድኃኒት ላይ ጠቆሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ በጀርመን ከገበያ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ግን በ46 አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተው ነበር፤ ብዙዎቹ በጨቅላነታቸው ሞቱ። ጉዳቱ የሚደርሰው ፅንሱ ከተፀነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ የማያውቁበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ የተወሰደ አንድ እንክብል ይበቃል።

አሜሪካ ከዚህ መከራ በአብዛኛው የተረፈችው በአንዲት ሴት ጥያቄ ነው። ፍራንሲስ ኬልሲ በ1960 በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሥራ ስትጀምር ከደረሷት የመጀመሪያ ማመልከቻዎች አንዱ የታሊዶማይድ ነበር። ኩባንያው ቶሎ እንድትፈርም ደጋግሞ ወተወታት። እሷ ግን መድኃኒቱን በወሰዱ አዋቂዎች ላይ የነርቭ ጉዳት መታየቱን አንብባ ነበርና፣ ነፍሰ ጡር ሴት ብትወስደው ፅንሱን እንደማይጎዳ ማስረጃ አምጡ አለች። ማስረጃው አልመጣም፤ ፈቃዱም አልተሰጠም። ይህን ታሪክ ሳነብ ያቺ ፋርማሲስት ትዝ ትለኛለች። ኬልሲ «መድኃኒቱ ደህና ነው?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ «አዎ» የሚል ጥራዝ ይቀርብላት ነበር። እሷ የጠየቀችው ማን ሲወስደው፣ በየትኛው ጊዜ፣ ምን ይሆናል ብላ ነው።

ታሊዶማይድ እንደዚያ ሆኖ አልቀረም። በ1964 ያኮብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም ኢየሩሳሌም ውስጥ በሕመም እንቅልፍ ላጣ የሥጋ ደዌ ታማሚ ለማስተኛት ብሎ ሰጠው፤ የታማሚው ቁስል መዳን ጀመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሕክምና ላልሠራላቸው የማይሎማ ታማሚዎች ተሰጠ። በ1999 በታተመው ጥናት ከ84 ታማሚዎች ወደ ሲሶ የሚጠጉት ለውጥ አሳይተዋል። ከዚያ ሌናሊዶማይድ በ2005፣ ፖማሊዶማይድ በ2013 በአሜሪካ ተፈቀዱ። አባዬ ዛሬ ከልጅ ልጆቹ ጋር የሚጫወተው በዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ነው። አንድ ሞለኪውል ከዚያ ሁሉ ሐዘን ተመልሶ መጥቶ ሰው ሲያድን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የተመለሰው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፦ የሚያዝዘው፣ የሚያድለውና የሚወስደው ሁሉ ተመዝግቦ፣ በየጊዜው እየተጠየቀ። የእኛ ቅጽ የዚያ ውል ቅጠል ነው።

«ታዲያ ጉዳቱን ለይተው ለምን አያወጡለትም?» ብሎ አባዬ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ፈልጌ አነበብኩ። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሴሬብሎን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አሳዩ። ሴሬብሎን መወገድ ያለባቸውን ፕሮቲኖች ምልክት ከሚያደርግ የሴል ክፍል አንዱ ነው። መድኃኒቱ ሲጣበቅበት ሌላ ጊዜ የማይነካቸውን ፕሮቲኖችም ለጥፋት ምልክት ያደርጋል። የማይሎማ ሴል ኢካሮስና አዮሎስ ከሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ውጭ መኖር አይችልም፤ እነሱ ሲጠፉ ይሞታል፤ በሽታ ተከላካይ ሴሎችም ይነቃሉ። ፅንስ ውስጥ ደግሞ ሳል4 የሚባለው ፕሮቲን ይጠፋል፤ ይህኛው እጅና እግር ሲሠሩ ከሚያስፈልጉት አንዱ ነው። በሽታውን የሚገድለውም ፅንሱን የሚጎዳውም በአንድ በር ነው የሚገባው። ሌናሊዶማይድም በዝንጀሮ ፅንሶች ላይ ሲሞከር የታሊዶማይድን የመሰለ ጉዳት አሳይቷል። የቀረን መከላከያ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልትወልድ የምትችል ታማሚ ከመጀመሯ በፊት ሁለት ጊዜ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ ከጀመረች በኋላም ምርመራው ይቀጥላል። መድኃኒቱን ከመጀመሯ 4 ሳምንት በፊት፣ እየወሰደች፣ ለጊዜው ባቋረጠችበት ወቅት፣ ካቆመችም በኋላ ለ4 ሳምንት አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋታል። የትኛው መከላከያ የሚለውም ለሐኪም የሚተው ነው፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ደም የማርጋት አደጋውን ይጨምራል። መድኃኒቱ በወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥም ስለሚገኝ፣ የዘር ቱቦውን ያስቋጠረ ወንድ እንኳ ልታረግዝ ከምትችል ሴት ጋር ሲሆን ኮንዶም ይጠቀማል። የተለገሰው ደም ነፍሰ ጡር ዘንድ ሊደርስ ስለሚችል ደም አይለገስም። አባዬን ያሳፈረው ጥያቄ ሁሉ እንዲህ ያለ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ያስረዳን ግን አልነበረም።

ለአባዬ የቀረበው አደጋ

አሁን የምጽፈው በዚህ ሁሉ መሐል የታዘብኩትን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ስለ እርግዝና ንቁ ሆነ። ጓንት ተገዛ፤ ሳጥኑ ወደ እኔ ዞረ፤ የእህቴ ባለቤት እንኳ ከመድኃኒቱ መደርደሪያ ራቀ። ነገር ግን አባዬ አያረግዝም። ለእሱ የቀረበው አደጋ ሌላ ነበር፤ ስለዚያ ማንም እንደዚያች ፋርማሲስት ዓይን ዓይናችንን እያየ አልጠየቀንም።

ከሌናሊዶማይዱ ጋር በየቀኑ የምትወሰድ ትንሽ አስፕሪን ታዝዛለት ነበር። አባዬ አስፕሪንን የሚያውቀው የራስ ምታት መድኃኒት መሆኑን ነው። ራሱን ስላላመመው ተዋት። ሳጥኑ ውስጥ እየተጠራቀመች ሳይ ጠየቅኩት። «መድኃኒት በዛብኝ፤ ይቺን እንኳ ልቀንስ ብዬ ነው» አለኝ።

አስፕሪኗ ለራስ ምታት አልነበረችም። ማይሎማ ራሱ ደምን የማርጋት ጠባይ አለው፤ ሌናሊዶማይድ ይጨምርበታል፤ አብሮት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ደግሞ ያባብሰዋል። አደጋቸው ዝቅ ላለ ታማሚዎች አስፕሪን፣ ከፍ ላለባቸው ደግሞ ጠንከር ያለ የደም ማቅጠኛ ይታዘዛል። እኔ ይህን ሳውቅ የአባዬ ግራ እግር ከቀኙ መወፈር ጀምሮ ነበር። ካልሲው አንዱ እግሩ ላይ ብቻ ጠልቆ ምልክት ይተው ነበር። እሱ ግን «መቀመጥ አብዝቼ ነው» ብሎ ጋቢውን ደርቦበታል። ልጆቹን ማስቸገር አይወድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አባዬ ይህን ተረት ለእኛ ስንት ጊዜ እንደተረተ።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ታፋው ላይ ደም ረግቶ ተገኘ። ሌናሊዶማይዱ ለጊዜው ቆመ፤ የደም ማቅጠኛ ተጀመረ፤ ሁኔታው ሲረጋጋ መድኃኒቱ ተመለሰ። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። አሁን አባዬን «ደህና ነህ?» ብዬ አልጠይቀውም። «ደህና ነኝ» እንደሚለኝ አውቃለሁና። ሁለቱን እግርህን አሳየኝ እለዋለሁ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽህ ያጥርሃል? ደረትህን ወግቶህ ያውቃል? ንግግሩ ቢንተባተብ፣ ፊቱ ወይም እጁ በአንድ ወገን ቢዝል፣ መድኃኒቱ በደም ቧንቧ መዘጋት በኩል ለልብና ለአንጎልም አደጋ ስላለው፣ ሳንጠብቅ እንሮጣለን። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእኛ ይህ ሆኗል።

ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ሌናሊዶማይድ ነጭ የደም ሴሎችንና መድማትን የሚያቆመውን ፕላትሌት ያወርዳል። ለዚህ ነው ሙሉ የደም ምርመራ በየጊዜው የሚደረገው። ነጭ የደም ሴል ሲያንስ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ማስታገሻ ውጦ እስኪነጋ የሚጠበቅ አይደለም። ዴክሳሜታዞን ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል ደግሞ ያለ ትኩሳት የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለትና ድንገተኛ መዛል መናቅ የለበትም። ሳይታሰብ የሚበልዝ ቆዳና የማይቆም የድድ መድማት የፕላትሌት ምልክት ናቸው። በቆዳ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ድርቀት፣ ድካም ብዙ ታማሚዎች ያዩታል፤ ሽፍታው ከተስፋፋ፣ ከተላጠ ወይም ፊትና ከንፈር ካበጠ ግን አስቸኳይ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሌላ ካንሰር የመነሣት አደጋው በመጠኑ ከፍ እንደሚል ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮናል። አባዬ ሰምቶ፣ አስቦበት፣ «ይቀጥል» አለ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ኩላሊትን ነው። ሌናሊዶማይድ በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ማይሎማ ደግሞ ኩላሊትን የሚያጠቃ በሽታ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሙሉውን መጠን ሲወስድ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዴክሳሜታዞን ጋር ሲሰጥ የተለመደው አጀማመር በቀን 25 ሚሊግራም፣ ለ21 ቀን ተወስዶ 7 ቀን እረፍት ነው፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ወደ 10 ሚሊግራም ይቀነሳል። ወገቡን ያመመው ታማሚ ቤት የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ከፍቅር ብዛት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይዞ ይመጣል። እኛም ቤት መጥቷል። ለማይሎማ ታማሚ ኩላሊት እነዚህ ጠላት ናቸው። አመስግነን ተቀብለን ሳንሰጠው ቀረን።

የዕለት ተዕለቱ ነገር ብዙ አይደለም። ካፕሱሉ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሙሉውን በውኃ ይዋጣል፤ አይከፈት፣ አይሰበር፣ አይታኘክ። የተረሳ ከሆነና ከሰዓቱ 12 ሰዓት ካላለፈ ይወሰዳል፤ ካለፈ ይተውና የሚቀጥለው በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ደርቦ መዋጥ የለም። ዱቄቱ ቆዳ ከነካ ወዲያው በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው። አባዬን ያስቸገረው የእረፍቱ ሳምንት ነው፤ ሲያልቅ መጀመሩን ይረሳል። እኔ ቀን መቁጠሪያው ላይ ቀድሜ አሰምርበታለሁ።

የተረፈው ካፕሱል

ኩላሊቱ ትንሽ ሲደክም የአባዬ መጠን ከ25 ሚሊግራም ወደ 10 ወረደ። ባለ 25 ሚሊግራሞቹ ካፕሱሎች ቤት ቀሩ። በዚያው ሰሞን በሕክምና ወረፋ የማውቃት ሴት ደወለችልኝ። የወንድሟ ሌናሊዶማይድ ዘግይቶበታል፤ የሚጀምርበት ቀን አልፏል፤ የተረፈ ካላችሁ አለችኝ።

ብዙ ነገር ባላነብ ኖሮ ያን ቀን እሰጣት ነበር። ነገር ግን በብራዚል ታሊዶማይድ ለሥጋ ደዌ እየታደለ በነበረበት ጊዜ፣ ከዓለም አቀፉ መከራ በኋላ ማለት ነው፣ እንደገና የተጎዱ ሕፃናት መወለዳቸውን አውቅ ነበር። አንዱ ምክንያት መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ማካፈል ነበር። ማሸጊያው ላይ የነበረው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ተሥላ መስመር የተሠረዘባት ምልክት ደግሞ ለአንዳንዶች የእርግዝና መከላከያ ወይም ማስወረጃ መሰላቸው። የሚያካፍለው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ለተቸገረ አዘነ እንጂ።

ስለዚህ «የለንም» ብዬ አልዋሸኋትም፤ «አይሆንም» ብዬም ስልኩን አልዘጋሁም። ወንድምሽ የታዘዘለት ስንት ሚሊግራም ነው? አልኳት። 15 ነው አለችኝ። የኩላሊት ምርመራው መቼ ታየ? አላወቀችም። ካፕሱሉን ከማሸጊያው የሚያወጣለት ማነው? ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔ ነኝ» አለች። እሷም ገና ወጣት ናት።

አብረን ወደ ወንድሟ ሐኪም ደወልን። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት መዘግየቱ በማይሆን መጠን ከመጀመር እንደሚሻል ነግሯት፣ የዘገየውን ትእዛዝ እሱ ራሱ ተከታተለ። መድኃኒቱ እስኪመጣ በየቀኑ እንደዋወል ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ሰው መድኃኒት ሲጠይቅህ ከልክለህ ብቻውን መተው አይቻልም። እሷ ስለ ጓንት ጠየቀችኝ፤ ከነገርኳት በኋላ ካፕሱል የማውጣቱን ሥራ ታላቅ ወንድሟ ተረከበ። ባለ 25 ሚሊግራሞቹን ካፕሱሎች ከነማሸጊያቸው ለፋርማሲው መለስኳቸው። መስኮቱ ላይ የነበረው ባለሙያ ቆጥሮ ተቀበለኝና፣ ከመሄዴ በፊት አስፕሪኑን አባዬ አሁንም እየወሰደ እንደሆነ ጠየቀኝ። በደም ማቅጠኛው መተካቱን ነገርኩት፤ መዝገቡ ላይ አስተካከለው።